ሮቨር በገመድ ተንጠልጥሎ ማርስ ላይ ሲያርፍ እንዴት ይሳላል?

ማርስ ላይ የሚያርፉ መንኮራኩሮችን የሚያሳዩ ሥዕሎችን ብዙ ጊዜ የሚያበላሻቸው የሰዓት መምታታት ነው። ከላይ ፓራሹት ተነፍቷል፤ ከሥሩ ሞተሮች እሳት ይተፋሉ፤ የሙቀት ጋሻው ፍም መስሏል፤ ሮቨሩ (በፕላኔቷ ላይ የሚነዳው ባለጎማ ሮቦት) ደግሞ ካሜራ የተሸከመ አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። እያንዳንዱ ነገር በእርግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን በሰባት ደቂቃ ውስጥ ተራ በተራ ነው፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ሄዷል። ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት አንዲት ሰከንድ ምረጡ። ከዚያ ወዲያ ጥላውም፣ አቧራውም፣ የጎማው አቀማመጥም የሚወሰነው በዚያች ሰከንድ ነው።

ሰከንዷን መምረጥ

እዚህ የምንጠቀመው ምሳሌ የናሳን ሮቨር ፐርሲቪራንስን ነው። የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021) ጄዜሮ በተባለው፣ 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ክሬተር ውስጥ አረፈ። እሱን የመረጥነው ካሜራ በብዛት ተገጥሞለት ስለወረደ ነው፤ ሽቅብ ፓራሹቱን፣ ቁልቁል ደግሞ የተንጠለጠለውን ሮቨርና መሬቱን የቀረጹት ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ሰዓሊዎች በስሌትና በግምት ይሠሩት የነበረውን አሁን ከፎቶ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መንኮራኩሩ ወደ ከባቢ አየሩ ሲገባ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 19,500 ኪሎ ሜትር ነው። 80 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው የሙቀት ጋሻው ውጫዊ ገጽ እስከ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል። በ240ኛው ሰከንድ አካባቢ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ 21.5 ሜትር ስፋት ያለው ፓራሹት ይዘረጋል፤ ከ20 ሰከንድ በኋላ ጋሻው ተላቆ ይወድቃል። 2,100 ሜትር ገደማ ሲቀር የኋላ ሽፋኑ ከነፓራሹቱ ይለያል። ከዚህ በኋላ የቀሩት ስምንት ሞተር ያለው አውራጅ ክፍልና ከሆዱ ሥር የታቀፈው ሮቨር ብቻ ናቸው። 20 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ አውራጁ ሮቨሩን በሦስት የናይለን ገመዶች ወደ ታች ይለቀዋል፤ የገመዱ ርዝመት 6.4 ሜትር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ይወርዳሉ፤ ከገመዱ መለቀቅ እስከ ማረፍ ያለው ጊዜ 12 ሰከንድ ያህል ነው። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ገመዶቹ ይቆረጡና አውራጁ ራቅ ብሎ ሄዶ ይከሰከሳል።

ለሥዕል ከሁሉ የሚመቸው ገመዱ ሙሉ በሙሉ ተለቆ፣ ጎማዎቹ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ያለው ቅጽበት ነው። በዚህች ቅጽበት በሥዕሉ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው አውራጁ፣ ሦስቱ ገመዶች፣ ከነሱ ጋር ላላ ብሎ የሚወርደው የኤሌክትሪክና የመረጃ ገመድ፣ ስድስት ጎማዎቹን ዘርግቶ የቆለፈው ሮቨርና አቧራው ናቸው። ፓራሹት የለም። የጋለ ጋሻ የለም። የሮቨሩ አንገት ጀርባው ላይ ተጋድሞ ታስሯል፤ የሮቦት ክንዱም ታጥፏል። እጅግ የተለመደው ስህተት ይኸው አንገት ነው፤ ምክንያቱም በነፃ የሚወርዱት የሮቨሩ ምስሎችና የኮምፒውተር ሞዴሎች በአብዛኛው ሥራ ላይ እያለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያሳዩት። የተመዘገበው 2.2 ሜትር ቁመቱም ያንን የቆመ አንገት ጨምሮ ነው። እንዲሁ ወስዳችሁ ከሳላችሁት ሮቨሩ ከልኩ በላይ ይረዝምባችኋል።

የፓራሹቱን ቅጽበት ከመረጣችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የብርቱካናማና የነጩ አደራደር በዘፈቀደ የተሠራ አይደለም። በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ ኮድ) ሮቨሩን የሠራው የናሳ ላቦራቶሪ (ጄፒኤል) መሪ ቃልና የሚገኝበት ቦታ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ተጽፎበታል። በግምት ብትቀቡት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ከቪዲዮው ላይ ቆጥሩ።

ሞዴል ሠርቶ ብርሃን ማጥናት

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥላው ላይ የሚወድቁትም እነሱ ናቸው። ሞዴሉን በ1 ለ20 ሥሩ። የሮቨሩ ርዝመት 3 ሜትር፣ ስፋቱ 2.7 ሜትር ስለሆነ ካርቶኑ 15 በ13.5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህ ልኬት ጎማዎቹን ጨምሮ ስለሆነ የመሃሉን ሣጥን ጠበብ አድርጉት። የእውነተኛው ጎማ ስፋት 52.5 ሴንቲሜትር ነው፤ በ1 ለ20 ሲቀነስ 2.6 ሴንቲሜትር ይመጣል። የሃይላንድ ክዳን ለዚህ በቂ ነው፣ ስድስት ሰብስቡ። ገመዱ 32 ሴንቲሜትር ክር ነው። አውራጁን ከካርቶን ቆርጣችሁ በሽቦ ከላይ አንጠልጥሉት፤ ስፋቱን በፎቶው ላይ ከሮቨሩ 2.7 ሜትር ስፋት ጋር እያነጻጸራችሁ ለኩ። የሮቨሩ ጎማዎች ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይበሉ።

መሬቱን በሰፊ ትሪ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ሬድ አሽ ሥሩት። ግንበኞች ለመንገድና ለወለል ሥር የሚጠቀሙበት ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለማርስ ገጽ ቅርብ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ለአትክልት ቦታ ማሳመሪያ የሚሸጠውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር መጠቀም ትችላላችሁ። ግማሹን በወንፊት ንፉት፤ ደቃቁን አነጥፉና ጠጠሩን ከላይ በትኑ። ስትነፉ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። የጄዜሮ ወለል በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ለድንጋዮቹ ቅርጽ የኤርታ አሌ ዙሪያ ባዛልት ፎቶ ጥሩ ማመሳከሪያ ይሆናል። ዳሎልን ግን ተዉት። ከማርስ ጋር ስሙ በተደጋጋሚ ስለሚነሳ ብዙዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ያ ቢጫና አረንጓዴ ጨው ግን የጄዜሮ መልክ አይደለም።

አሁን ብርሃኑ። ፐርሲቪራንስ ሲያርፍ በቦታው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ነበር የቀሩት። ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል፣ ከአድማሱ 40 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ነበረች። መብራቱን ከሞዴሉ 2 ሜትር አርቃችሁ 1.7 ሜትር ከፍ ካደረጋችሁት ይኸው ማዕዘን ይገኛል። የስልክ ባትሪ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከትልቅ አምፖል ይሻላል። ከማርስ ስትታይ ፀሐይ ከምድር ከምትታየው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ናት፣ 0.35 ዲግሪ። ትንሽ የብርሃን ምንጭ የሚሰጠው የጥላ ጠርዝ ስለታም ነው፤ የምንፈልገውም ያንን ነው። የክፍሉን ሌላ መብራት ሁሉ አጥፉ። ከመብራቱ ትይዩ ገለባማ ቀለም ያለው ትልቅ ካርቶን አቁሙ፤ ከሰማዩ አቧራ ተመልሶ ጥላው ውስጥ የሚገባውን ብርሃን ይተካል። ካርቶኑን ስታነሱና ስትመልሱ ጥላው ከጥቁር ወደ ሞቃት ቡናማ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ስልካችሁን ከሞዴሉ 1.25 ሜትር አርቃችሁ፣ ከትሪው ወለል 8.5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ይህ ከእውነተኛው ሮቨር 25 ሜትር ርቆ የቆመ፣ ዓይኑ ከመሬት 1.7 ሜትር ከፍ ያለ ሰው የሚያየው ነው።

በኮምፒውተር ለምትሠሩ፦ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ውስጥ የፀሐይ መብራት ስትጨምሩ የማዕዘን ስፋቱ በራሱ 0.526 ዲግሪ ሆኖ ይመጣል፤ የምድር ነው። 0.35 አድርጉት።

ልኬቱን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ

ኤ2 ወረቀት (42 በ59.4 ሴንቲሜትር)፣ ቢያንስ 300 ግራም ክብደት ያለው፣ በቁመቱ። ልኬት 1 ለ40። ገመዱ 16 ሴንቲሜትር፣ የሮቨሩ ርዝመት 7.5፣ ጎማው 1.3፣ በጎማና በመሬት መካከል ያለው ክፍተት 7.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። አድማሱ በዓይናችሁ ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሮቨሩ ትክክለኛ ሥር ካለው የመሬት ነጥብ 4.25 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የሮቨሩ ጎማዎች ከአድማሱ በላይ ናቸው፤ ከጀርባቸው ያለው ሰማይ ነው። ጎማዎቹን ከአድማሱ በታች ካደረጋችሁት ሮቨሩ መሬት የነካ ይመስላል፤ የመንጠልጠሉ ስሜት ይጠፋል።

አውራጁ ከዓይን በጣም ከፍ ስላለ ሆዱ ይታያል፤ የሞተሮቹን አፍ ከሥር እንደምታዩ አድርጋችሁ ሳሉ። የሮቨሩ ሆድ ግን በጭላንጭል ብቻ ነው የሚታየው።

ሰሜን ምዕራብን ትይዩ ቆመን እናያለን ካልን ከጀርባ የጥንቱ ወንዝ የተወው የዴልታው ገደል አለ፤ ከማረፊያው 2 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ማርስ ከምድር ስለምታንስ አድማሷ ቅርብ ነው፤ በ1.7 ሜትር ከፍታ ላይ 3.4 ኪሎ ሜትር ብቻ። ዴልታውን ከአድማሱ በላይ ከ2 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጠባብ መስመር ሳሉት። ሰማዩን የሚሸፍን ተራራ መትከል ያምራል፣ ግን ቦታው ጄዜሮ መሆኑ ያበቃል።

በዚህ አቅጣጫ ፀሐይዋ በግራ፣ ትንሽ ወደ ፊት ናት። የሮቨሩ ጥላ ከሥሩ ተነጥሎ ወደ ቀኝና ወደ እናንተ ይወድቃል፤ ወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ 8 ሴንቲሜትር ገደማ። ይህ ክፍተት ነው ለተመልካች ከፍታውን የሚነግረው፤ ከማንኛውም የአቧራ ድራማ በላይ ይሠራል። የአውራጁ ጥላ ከወረቀቱ ውጭ ይወጣል። ለማስገባት ብላችሁ አታጠጉት።

ሰማይና መሬት

እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ 1 ማርስ ላይ ባረፈ ማግስት የተለቀቀው የመጀመሪያ ባለቀለም ፎቶ ሰማዩን ሰማያዊ አድርጎ አሳየ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቢጫማ ሮዝ ታረመ። ያው ወጥመድ ዛሬም አለ። ናሳ አንዳንድ ፎቶዎችን በምድር ብርሃን እንደሚታዩ አድርጎ ያስተካክላል፤ ጂኦሎጂስቶች የድንጋዩን ዓይነት እንዲለዩበት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ሰማዩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለቀለም ማመሳከሪያ የምትወስዱት ፎቶ ከሥሩ “የተፈጥሮ ቀለም” የሚል መግለጫ ያለው ይሁን።

በአክሪሊክ የሰማዩ የአድማስ ክፍል 6 እጅ ቲታኒየም ዋይት፣ 2 እጅ የሎ ኦከር፣ 1 እጅ በርንት ሲዬና ነው። ወደ ላይ ስትሄዱ ነጩን ቀንሱና ጥቂት በርንት አምበር ጨምሩ፤ ሰማዩ ወደ ላይ እየጠቆረና ወደ ቡናማ እያደላ ይሄዳል እንጂ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ አይሄድም። በፀሐይዋ በኩል ያለው ግራ ጎን ፈካ ይበል። ኮከብ አይኑር፤ ቀን ነው። ለመሬቱ 3 እጅ የሎ ኦከር፣ 2 እጅ በርንት ሲዬና፣ 1 እጅ ሮው አምበር፣ የምላጭ ጫፍ ያህል አልትራማሪን ብሉ። ካድሚየም ሬድ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳ። “ቀይዋ ፕላኔት” ስለተባለች መሬቱን እንደ በርበሬ የሚያቀላው ሰው ብዙ ነው፤ በቅርብ የሚታየው ግን ቡናማና ገለባማ አፈር ነው፤ ድንጋዮቹም አቧራ ያልሸፈናቸው ቦታ ላይ ግራጫ ናቸው።

ሩቅ ያለውን ነገር እዚህ ምድር ላይ እንደለመድነው በሰማያዊ አታደብዝዙት። ማርስ ላይ ርቀት የሚያደበዝዘው በአቧራ ነው፤ ዴልታው ወደ ሰማዩ የአድማስ ቀለም ይጠጋል፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። አክሪሊክ ሲደርቅ እንደሚጠቁር አትርሱ፤ እያንዳንዱን ቅልቅል በቁራጭ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ ካያችሁ በኋላ ተጠቀሙ።

እሳት የሌለው ሞተር፣ እና አቧራው

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የአውራጁ ሞተሮች የሚጠቀሙት ሃይድራዚን ነው። ይህ ነዳጅ እዚህ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ አይነድም፤ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ፈርሶ ትኩስ ጋዝ ይሆናል። የሚወጣው ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና አሞኒያ ነው፤ ሦስቱም ቀለም የላቸውም። በእውነተኛው ቪዲዮ ላይ ከሞተሮቹ ሥር ብጫ ነበልባልም ጭስም አይታይም። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚሠሩትም ከስምንቱ አራቱ ብቻ ናቸው፤ ጋዙ ሮቨሩን እንዳይመታ አፋቸው ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው።

ታዲያ ኃይሉ በምን ይታይ? በመሬቱ። ጋዙ ከሮቨሩ ግራና ቀኝ መሬቱን መትቶ ወደ ውጭ ይጠርገዋል። ስለዚህ አቧራው ከአንድ መሃል አይነሳም፤ ጋዙ ካረፈባቸው ነጥቦች ተነስቶ እንደ ጨረር በዝቅታ ይሮጣል። መሬት ለመሬት የሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች ሳሉ፣ ከላያቸውም ስስ መጋረጃ። የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የሚንከባለል ደመና ግን የወፍራም አየር ውጤት ነው፤ የማርስ የአየር ግፊት ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንቅስቃሴውን ለማየት ትሪ ላይ የተነፋ ዱቄት ስስ አድርጋችሁ በትኑና በገለባ ከላይ በሰያፍ ንፉበት፤ መነጽር አድርጉ።

አቀባቡ፦

1. መሬቱንና ጥላውን አቧራ እንደሌለ አድርጋችሁ ጨርሱ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።
2. 5 እጅ ነጭ፣ 2 እጅ የሎ ኦከር፣ 1 እጅ በርንት ሲዬና ቀላቅሉ። ከዚህ 1 እጅ ወስዳችሁ በ4 እጅ ማት ሚዲየም (የማያብረቀርቅ የአክሪሊክ ማቅጠኛ) አቅጥኑት። በውሃ ብቻ ካቀጠናችሁት ማጣበቂያው ይሳሳና ሁለተኛው ሽፋን ሲያርፍበት የመጀመሪያው ይነሳል።
3. በደረቅ ሰፊ ብሩሽ ከሁለቱ ጎን ነጥቦች ወደ ውጭ ሳቡ። አንድ ሽፋን፣ ማድረቅ፣ ሌላ ሽፋን። አራት አምስት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል።
4. ከሮቨሩ በታች ያለው መሬት ይታይ፤ መጋረጃው ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይወፍር። ጥላው ወፍራም አቧራ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ይደብዝዝ።
5. በጥርስ ብሩሽ ጥቂት ጠጠር እርጩ፤ ሮቨሩንና ሰማዩን በተቆረጠ ወረቀት ሸፍኑ።

ጠጠሩ ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪዩሪዮሲቲ በዚሁ ዘዴ ሲወርድ ሞተሮቹ አፈሩን ጠርገው ከሥር ያለውን አለት አውጥተዋል፤ ጠጠሮችም የሮቨሩ ጀርባ ላይ ተገኝተዋል። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ስለሆነ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የተወረወረ ጠጠር ከ2.6 እጥፍ በላይ ይርቃል። መስመሩን ረጅምና ጋደል ያለ አድርጉት።

በጓሽ (ከደረቀ በኋላም በውሃ በሚሟሟ ቀለም) የምትሠሩ ከሆነ በሦስተኛው ሽፋን ላይ ሥሩ ይሟሟባችኋል። መሬቱን በጓሽ ሠርታችሁ ቢሆን እንኳ አቧራውን በአክሪሊክ፣ ሳትፈትጉ አስቀምጡ።

ገመዶቹ የመጨረሻ ናቸው። በ1 ለ40 ልኬት እጅግ ቀጭን ስለሆኑ 0.3 ሚሊ ሜትር ብዕር እንኳ ይወፍራል፣ ግን ከዚያ በታች ፎቶ ሲነሳ ይጠፋል። ሦስቱ ተወጥረው ቀጥ ይበሉ፤ የመረጃው ገመድ ብቻ ይላላ። ማስመሪያውን ገልብጡት፤ ሰያፍ ጠርዙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ቀለሙ ከሥሩ አይሳብም። በግራ በኩል ብርሃን ያለበት ፈዘዝ ያለ፣ በዴልታው ፊት ሲያልፍ ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ ያስፈልጋል።

ሌላ ፕላኔት፣ ሌላ አወራረድ

ዘዴው ሌላ ከሆነ አብዛኛው ይለወጣል። ኢንሳይት (2018) በሦስት እግር ነው የቆመው፤ ፓዝፋይንደር (1997) በአየር ከረጢት ተጠቅልሎ ነጥሯል። ቬነስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 ያረፈው የሶቪየቱ ቬኔራ 13 ፓራሹቱን ከፍ ብሎ ነው የለቀቀው፤ አየሩ በጣም ወፍራም ስለሆነ በክብ የብረት ጠርዝ ብቻ እየተገታ ወረደ፤ ሞተርም አልነበረውም። እዚያ የፀሐይ ክብ አይታይም፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ብርቱካናማ ስለሆነ ስለታም ጥላ አይኖርም። የማርሱን ጥላ ወስዳችሁ ቬነስ ላይ ብትለጥፉት ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆንም ሥዕሉ አያሳምንም።

ፎቶ ማንሳትና መግለጫ መጻፍ

ስልክ ገለባማ ሰማይ ሲያይ “ስህተት” መስሎት ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያርመዋል። የነጭ ሚዛኑን በእጅ አስተካክሉ፤ በቀን ብርሃን ጥላ ሥር ካነሳችሁ ከሥዕሉ ጎን ግራጫ ካርድ አስቀምጡና በኋላ በሱ አርሙ። ከናሳ ፎቶ ያመሳከራችሁትን ስሙን ጥቀሱ፤ አርማውን ግን ሥዕሉ ላይ አትለጥፉ፣ ተቋሙ ያጸደቀው ያስመስላል። ከሥዕሉ ሥር “ምናባዊ ሥዕል” ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ ተልዕኮውን፣ የወረደበትን ቀንና የመረጣችሁትን ቅጽበት፦ “ፐርሲቪራንስ፣ ጄዜሮ፣ የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፤ ጎማዎቹ መሬት ሊነኩ 3 ሜትር ሲቀር”። እንዲህ ያለ መግለጫ ከሌለው ሥዕሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ሦስት እጅ ሲዞር እውነተኛ ፎቶ ተብሎ ይጋራል።